አርባ ሊትር ባሕር

ብርኖ ላይ ባሕር የለም፤ ወንዙም ቀጭን ነው እንደ ክር፤
ማዕበል የሚመስለው ትራሙ ነው፣ ማታ ኩርባው ላይ ሲዞር።
ኦታካር ያንን ትራም ሠላሳ ዓመት ነድቶ፣
ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ከሱቄ ገብቶ
ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከቅዱስ ቦታ እንደ ገባ፤
"ባሕር ልሠራ ነው" አለኝ፣ "ሊትሩ አርባ።"

"አይተኸው ታውቃለህ?" ብዬ ስጠይቀው፣
"አላየሁም" አለ፤ "ለዚህ እኮ ነው የምሠራው።"

እንደ ሁሉም ደንበኛ፣ ዓይኑ የሄደው ወደ ትልቁ ሞተር ነው።
"ተው" አልኩት፣ "ለአርባ ሊትር ይሄ፣ ጫጩትን በመጥረቢያ ማረድ ነው፤
ዓሣህ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲሽከረከር ነው የሚውለው።"
አረፋ አስነሥቶ እድፍ የሚለቅመውንም አሳየሁት፤
"ለትልቅ ገንዳ ጌጡ ነው፣ አንተ ግን ዛሬ እለፈው" አልኩት።
የቀረው ከጎን ተንጠልጥሎ ውኃ የሚያንቆረቁር፣
ስፖንጅ የዋጠ፣ እንደ ድመት የሚያንኮራፋ ትንሽ ነገር።

"ስማኝ፤ ቆሻሻ አይጠፋም፤ የሚበላው ይሻል።
የሚበላው ደግሞ በድንጋይ ቀዳዳ ይኖራል፤
ዓይን አያየውም፣ መርዙን ግን እንደ ማር ይልሳል።
ሞተሩ አሽከር ነው፤ ውኃውን ከማዕዱ ያቀርባል።"
ሦስት ኪሎ ተኩል ድንጋይ መዘንኩለት፣ ሕይወት ያለበት፣
በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ አሳቀፍኩት።

ከዚያ አሸዋው መጣ።
ሦስት ባልዲ አቀረብኩ። "ሻካራው ዛጎል ነው፣ የተሰባበረ፤
ምግብ በመሐሉ ይወሸቃል፣ ይበሰብሳል እዚያው እንደ ተቀበረ።
ደቃቁ ዱቄት ነው፤ ፓምፑ ገና ሲተነፍስበት ይነሣል፣
እንደ ሐሜት፤ አንዴ ከተነሣ መቼ ይቀመጣል?
ይሄኛው እንደ ስኳር ነው፤ ይሄን ውሰድ።"

እጁን ደቃቁ ውስጥ ነከረ። ቆየ።
"እህቴ ድራሆሚራ" አለ፣ "ከዳልማቲያ ዳርቻ፣ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣
በፊልም ቆርቆሮ ልካልኝ ነበር፣ እንዲህ ያለ፣ ከጣት የሚንሸራተት፣ የሚረግፍ።"
ምክሬን ትቶ አምስት ኪሎ ወሰደ።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ። "ወተት ሆነ!" አለኝ።
"አሸዋውን አጥበኸው ነበር?" ዝም ብቻ መለሰልኝ።
"እንዳታማስለው" አልኩት፣ "ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።"
ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀይ መብራት ላይ ዕድሜውን ለቆመ ሰው
አረንጓዴ እስኪበራ መጠበቅን ማን ያስተምረው?
አራት ቀን ነጭ። በአምስተኛው ድንጋዩ ብቅ አለ፣
ከጭጋግ እንደሚወጣ ኮረብታ፣ ቀስ እያለ።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ፣ በመመርመሪያ ጠብታ፤
አረንጓዴ ስትሆን መርዝ፣ ቢጫ ስትሆን እፎይታ።
ጎረቤቱ ቼኔክ ብርጭቆውን ይዞ "ዓሣው የታል?" ይላል።
"ውኃው ገና ትምህርት ላይ ነው፤ ሲጨርስ ይጠራል።"

አንድ ሌሊት፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ባትሪ ይዞ ሲያይ፣
ምስር የምታክል፣ አምስት ክንድ ያላት፣ ወጣች አሸዋው ላይ።
ማንም አልገዛትም፤ ከድንጋዩ ጋር ሳላውቅ ነው የመዘንኳት፤
በሻካራው ጠጠር ላይ ብትሆን ዱካዋ ባልታየላት።
በዚያ ዱቄት ላይ ግን ክንዷን እየጎተተች ሄደች፤
ከመስታወቱ ጥግ ስትደርስ፣ እንደ ሰባት ቁጥር ታጠፈች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
"ቦህዳና" አለኝ በሹክሹክታ፣ በስልክ እንዳትሰማው ሰግቶ፣
"ሐዲድ እየዘረጋች ነው"፤ ዘጋው፣ ደህና እደሪ ማለቱን ረስቶ።

ዛሬም ለሚጠይቀኝ እንደ ስኳር ያለውን ነው የምመክረው፤
እጁን ደቃቁ ውስጥ ነክሮ ዝም ያለውን ግን አላቋርጠው።